በአንድ ሱፍ ላይ ሁለት ጊዜ

የኢዮቤልዩ መጽሐፋችን ደንብ ግልጽ ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ገጽ። አያቶች ከየትኛው መንደር እንደመጡ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ አመዳይ ስንዴውን የመታው በየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ አንድ ፎቶግራፍ፤ አለቀ። ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ደንቡን አከበረ። ሾናክ ማኪነስ ግን መቶ አርባ ሦስት ገጽ በሁለት የዱቄት ከረጢት ሞልታ መጣች።

የጻፈችው በአሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዎች ጀርባ ላይ ነው። ከረጢቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸውና ጓንቷን እያወለቀች፣

«ሁለት ገጽ የሚሆነውን አንቺ ምረጪ» አለችኝ። «እኔ ሁሉንም ስለኖርኩት መምረጥ አይሆንልኝም።»

«ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል አክስት ሾናክ?»

«አንቺ። ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ ለምን ሆነና?»

ዓመቱ 1974 ነበር፤ አያቶቻችን ባሕር ማዶ ካለችው ከዩስት ደሴት ተነሥተው እዚህ አልበርታ ሜዳ ላይ ከሰፈሩ ሃምሳ ዓመት። እኔ በታሪክ ተመርቄ ከኤድመንተን የተመለስኩት በሚያዝያ ነው። የበዓሉ ኮሚቴ መጽሐፉን እንዳዘጋጅ የቀጠረኝ በመንደሩ ውስጥ የጽሕፈት መኪና የሚችል ሌላ ሥራ ፈት ስላልነበረ ነው። ዕቅዴ አጭር ነበር፤ በሐምሌ አስረክቤ በነሐሴ ቶሮንቶ መግባት። የማንም ከረጢት እንዲያዘገየኝ አልፈለግሁም።

ግን ሴትዮዋ መጻፍ ትችላለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ወደብ ላይ ዓሣ እየሰነጠቀች ጨው ጣቶቿን እንዴት እንደበላው፣ መርከቡን፣ የባቡሩን ጉዞ፣ በኋላም ለሐዲድ ሠራተኞች ያበሰለችበትን ዘመን፣ ባል አግብታ የቀበረችበትን፣ ሁሉንም ያለ አንዲት እንባ አስፍራዋለች። ግጥሞቿን እኛ ልጆቹ ከፊደል ቀድመን እናውቃቸው ነበር። መንደሩ በጋራ ገዝቶት ላሞቹን ስለናቀው ኮርማ የገጠመችውን አባቴ ሰክሮ ሲያወርደው ነው ያደግሁት። የሰው ስልክ እየጠለፈች ስለምትሰማው ጎረቤት ከገጠመች በኋላ ደግሞ ሴትዮዋ አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ አላነሳችም ይባላል።

ገጽ ሃያ ሁለት ላይ የማላውቀው ግጥም አገኘሁ። የመጀመሪያውን ክረምት የሚተርክ የሱፍ መውቂያ ዘፈን ነው፤ ሴቶች እርጥብ የበግ ሱፍ ጨርቅ እየደበደቡ የሚዘፍኑት። ዜማውና አዝማቹ ከደሴቲቱ የመጡ፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው። ቃሉ ግን የእሷ ነው፤

ሦስት ቤት ቆመ በሜዳው ላይ፣ ማካስኪል ሆይ ቃልህ ደርሶ፤
አንዱን አንተ ተኛህበት፣ አንዱን ፈረስህ ጭድ ተንተርሶ፤
አንዱ ለወረቀትህ ነው፣ እንዳይነካው ዝናም ፈስሶ፤
የሞራግን፣ አራተኛውን፣ አባቴ ሠራው መሬት ምሶ።

ማካስኪል የሰፈራ ማኅበሩ ወኪል ነበር። ዩስት ድረስ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥሮ የነጫጭ ቤቶች ሥዕል ያሳየ፣ ሃምሳ ቤት ተሠርቶ ይጠብቃችኋል ያለ እሱ ነው። ሰዎቹ ሲደርሱ ከእሱ ሦስት ቤቶች ሌላ ሃምሳ ችካል ብቻ አገኙ። በድንኳን ከረሙ። የሾናክ እኅት ሞራግ በኅዳር ሞተች፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሾናክ ዘፈኑን ያን ጊዜ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ገጠመችው። የሁሉም የመሬት ውል በማካስኪል እጅ ስለነበር ግን አባቷ ሰው ፊት እንዳትዘፍነው አስማላት።

የመጽሐፋችን ሽፋን የማካስኪል ፎቶግራፍ ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ደግሞ ሴት ልጁ፣ ሚስ ካትሪዮና ማካስኪል። ሠላሳ አራት ዓመት የመንደሩ አስተማሪ የነበረች፣ እኔንም እናቴንም ፊደል ያስቆጠረች ሴት ናት። ግጥሙን ሳሳያት ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አስተካክላ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረችው።

«አይገባም» አለች።

«እውነት አይደለም ይላሉ?»

«ኢሽቤል፣ አባቴ ያንን ማኅበር እየለመነ ነው የሞተው። እንጨቱን ያልላኩት እነሱ ናቸው። አንቺ የዚያን ጊዜ አልተወለድሽም።»

«እርስዎ ስምንት ዓመትዎ ነበር።»

«ስምንት ዓመት ብዙ ነው» አለችና መነጽሯን አወለቀች። «አይገባም ብያለሁ።»

አታሚው የሰጠን ቀን እየቀረበ ነበር። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ፤ ለሁለት ቀንም በብልሃቴ ኮራሁ። ሦስቱን ቤቶች አውጥቼ በምትካቸው ይህን ተየብኩ፤

ብርዱ መጣ በሜዳው ላይ፣ ከሰሜን በኩል ተነሥቶ፤
ሞራግን ወሰዳት ብርዱ፣ ከድንኳናችን ገብቶ።

ሚስ ማካስኪል ሁለቴ አነበበችው። «ይህ ይቻላል» አለች። «አንድ ቅጂ ልውሰድ።» ሰጠኋት። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅሁም፤ ቸኩዬ ነበር።

ሾናክን ያገኘኋት የዶሮ ቤቷ ጣራ ላይ ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአፏ ሦስት ምስማር ይዛ ቆርቆሮ ትመታለች። ከመሰላሉ ሥር ሆኜ አነበብኩላት። መዶሻዋን አቆመች። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«የታሪክ ምሩቅ ነሽ አሉኝ።»

«ነኝ።»

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይህን ነው? ሰውየውን ትቶ የአየር ጠባዩን መክሰስ?»

«አክስት ሾናክ፣ መጽሐፉ ካልወጣ የርስዎም አይወጣም። ሞራግ ስሟ አለች። መሞቷም አለ። የቀረው…»

«የቀረው ማን እንደሆነ ነው። ስሚኝ ልጄ፤ በረዶው ዩስት መጥቶ የቤት ሥዕል አላሳየኝም። በረዶው ምንም ነገር ላይ አልፈረመም። በረዶ ሁን የተባለውን ነው የሆነው።»

«ሚስ ማካስኪል አባቷን አሳልፋ አትሰጥም።»

«አትስጥ። እኔ ስጪኝ አልኳት?» ወደ ታች እጇን ዘረጋች። «ምስማር አቀብዪኝ።»

አቀበልኳት።

«መቶ አርባውን ገጽ ጣይው፣ ግድ የለኝም» አለች። «ዘፈኑ ከገባ ግን ሙሉውን ይግባ። ካልገባ ስሜንም አውጪው፤ በዚህ መንደር ያልኖርኩ አስመስዪኝ። እኔ እንደሆንኩ በኢዮቤልዩው ቀን ሱፍ ስንወቃ እዘፍነዋለሁ። አባቴ ያስማለኝ እሱ በሕይወት እስካለ ነው። ሃምሳ ዓመት ለላሞች ዘፍኜዋለሁ፤ እነሱ በቃን ብለዋል።»

ሚስ ማካስኪል በማግስቱ «ምን አለች?» ብላ ስትጠይቀኝ በበዓሉ ቀን ልትዘፍነው ማሰቧንም ነገርኳት። ሾናክ ራሷ ለመንደሩ ሁሉ ስለምታወራው ምስጢር አልመሰለኝም።

ከሽመና የወረደ ሱፍ እንዲጠብቅ ረጥቦ መወቃት አለበት። ሁለቱ ጫፎቹ ይሰፉና ክብ ይሆናል፤ ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየደበደቡ ወደ ጎረቤት ያሳልፉታል፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ አዝማቹን ይቀበላሉ። ዛሬ ሁሉም ኮቱን ከሱቅ ነው የሚገዛው፤ በበዓል ቀን ግን እንወቃለን። ሁለት ነገር አይደረግም። ሱፉ ፀሐይ በምትዞርበት አቅጣጫ እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም። አንድ ዘፈን ደግሞ በአንድ ሱፍ ላይ ሁለት ጊዜ አይዘፈንም፤ ከተዘፈነ ያንን ሱፍ የሚለብሰው ሰው መዓት ይከተለዋል። የዘፈን ስሙ አዝማቹ ነው፤ አዝማቹ አንዴ ካለፈ ዘፈኑ አለፈ። በዚህ የሚስቁትን ዘመዶቼን አውቃለሁ። ሲስቁ እንጂ ደንቡን ሲጥሱት አላየሁም።

በበዓሉ ቀን ከቀትር በኋላ ጠረጴዛው በአዳራሹ ፊት ለፊት ሣር ላይ ተዘረጋ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል የከበበን። አንዲት ሴት በመቅረቷ እኔን ጎትተው አስቀመጡኝ፤ ከሾናክ በስተግራ። ከፊት ለፊታችን ሚስ ማካስኪል፣ ከእሷ ቀጥሎ ሼላ የምትባለው የእኅቷ ልጅ፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ናት። በጠረጴዛው ራስ ላይ ቤሃግ ነበረች፣ ሱፉን የሸመነችው፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ።

ሾናክ እርጥቡን ሱፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። «ሽቶ አድርጋችሁበታል?»

«ሳሙና ነው» አለች ሼላ።

«በእኛ ጊዜ የቤተሰቡ ሽንት ለሦስት ሳምንት ይጠራቀም ነበር። አማት ለምራቷ የምትሰጠው የመጀመሪያ ጥሎሽ እሱ ነው።»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ሚስ ማካስኪልም ፈገግ አለች፤ ይህን አልረሳም።

የመጀመሪያውን ዘፈን ቤሃግ አወጣች፤ ዝግ ያለ፣ ክንድ የሚያሟሙቅ። እኔ ምቱን መያዝ አልቻልኩም፤ ሱፉ እጄ ላይ ይከመራል፣ ሾናክ በክርኗ ትጎስመኛለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ሾናክ ጉሮሮዋን ጠረገች። ግን ሼላ ቀደመች።

አዝማቹን ስሰማ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ «ብርዱ መጣ በሜዳው ላይ» አለች።

የራሴ ቃል ነበር። በኔ ሁለት ስንኝ ላይ ሌላ ስድስት ተጨምሮበታል፤ ፈር ቀዳጆች፣ ትዕግሥት፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ። ሴቶቹ የሚያውቁት አዝማች ስለሆነ በሙሉ ድምፅ ተቀበሉ። ሱፉ ዞረ። በእኔም እጅ አለፈ። በሾናክም። ሾናክ መታች፣ አሳለፈች፣ አልተቀበለችም። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።

ሲያልቅ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሚስ ማካስኪል እጇን በመሐረብ አደረቀች። «እግዜር ይስጥሽ ሼላ። የሞራግ መታሰቢያ ይሁን» አለች። ከዚያ ለሾናክ፣ በጨዋ ድምፅ፣ «ቀጣዩን እርስዎ ያውጡልን። የፈለጉትን፣ ሌላ።»

ሁሉም ገባቸው። ከጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሴቶች ስለ ዘፈኑ ሰምተዋል፤ ሾናክ ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ነበር። አሁን ዘፈኑ በሱፉ ላይ አልፏል። ማንም አልከለከላትም፤ ግን በሩ ተዘጋ።

«በሌላ ዜማ በይው ሾናክ» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«ሞራግ የምታውቀው ይህን ዜማ ነው» አለች ሾናክ። «አሁን ሌላ አላስተምራትም።»

ያኔ ተነሣሁ። ንግግር አላሰብኩም ነበር። «ያንን ግጥም የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቤቶቹን አውጥቼ ብርዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቅጂውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሾናክ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «አውቄዋለሁ። ከእኛ ሰው እንዲህ ለስላሳ የሚገጥም የለም። ተቀመጪ፣ ሱፉን አታቀዝቅዢው።»

ተቀመጥኩ።

«ቤሃግ» አለች ሾናክ። «ሱፉ የማን ነው?»

«እስኪደርቅ የኔ ነው። ከዚያ ዕጣ ይወጣበታል፤ ገንዘቡ ለአዳራሹ ጣራ ማሠሪያ።»

«ለእኔ ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ልለብሰው። ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ያልፍበታል፣ እኔም ኮት አሰፋበታለሁ። መዓቱ የለባሹ አይደል? ይምጣ። ቤቴን ያውቀዋል፣ መንገድ አይጠይቅም።»

ሁለት መቶ ሰው ቆሞ የባንዲራው ገመድ ብረቱን ሲመታ ይሰማል።

«ሾናክ» አለች ሚስ ማካስኪል። «ይህ ነውር ነው። እናቶቻችን ያላደረጉት ነው።»

«እናቶቻችን ብዙ ነገር አላደረጉም፤ ውጤቱን እኔና አንቺ አይተነዋል።»

ቤሃግ ሁለቱን እጆቿን ሱፉ ላይ አሳረፈች። አሮጊቷ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚያው ድንኳን ሰፈር ነው፤ ይህን ያወቅሁት ገጿን ስተይብ ነው። «ሰጥቼሻለሁ» አለች። «ዕጣውን ሌላ ነገር አውጡበት። ዶሮ አውጡበት።»

ሾናክ ጀመረች። ድምፅዋ ጥሩ አይደለም፤ ሻካራና ወፍራም ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻዋን አለች፣ አዝማቹም ላይ ብቻዋን ሆነች፤ ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ፍርሃት ነበር፤ እኔም ፈራሁ፤ ዲግሪዬ አልጠቀመኝም። ሱፉን ያዝኩና መታሁ። ያለ ምት መታሁ። ቤሃግ ከጠረጴዛው ራስ «እንዲያ አይደለም አንቺ» ብላ ምቱን ሰጠችኝ። ከዚያ ከቤሃግ ቀጥላ ያለችው። ከዚያ ሌላዋ። በሦስተኛው ስንኝ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሱፉ ዞሮ ሚስ ማካስኪል ጋ ደረሰ። እጇን ብታነሳ ይቆማል። አላነሳችም። መታች፣ ለሼላ አሳለፈች። ከንፈሮቿ ግን ተገጥመው ነበር። ሾናክ ሦስቱን ቤቶች አንድ በአንድ፣ ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል ዘፈነች፤ የሰውየውን፣ የፈረሱን፣ የወረቀቱን። አራተኛው ጋ ስትደርስ ከሕዝቡ ውስጥ ወንዶች አዝማቹን ሲቀበሉ ሰማሁ። አባቴ አንዱ ነበር፤ ሳይሰክር።

ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ሚስ ማካስኪል ተነሣች።

«አባቴ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። እሷ እኅቴ ነች። ስለ አባትሽ ጻፊ፤ ገጽ አለሽ፣ ማንም አይቆርጥብሽም። የኔንም አትቁረጪ።»

ሰኞ ዕለት ኮሚቴው ተሰብስቦ «የኢዮቤልዩ መጽሐፍ የክስ መዝገብ አይደለም» ብሎ ዘፈኑ እንዳይገባ ወሰነ። ውሳኔውን እንድተይብ ተሰጠኝ። ቀትር ላይ ቤሃግ በልጇ መኪና መጣች፣ ከመኪናው ሳትወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ገጾቼን መልሺልኝ» አለችኝ። «ሾናክ ያልኖረችበት መንደር እኔም አልኖርኩበትም።» ፎቶግራፏን ጨምራ ወሰደች። ከሰዓት በኋላ ሦስት ቤተሰብ መጣ። ማክሰኞ ዘጠኝ። አንዱ ገበሬ «ምን እንደተባለ አልሰማሁም፣ ትራክተር ስጠግን ነበር፤ ሚስቴ ግን አምጣ ብላኛለች» አለኝ። እስከ ረቡዕ ማታ አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ገጹን ወስዷል። ለአታሚው ስልክ ደውዬ መጽሐፉ መክሳቱን ስነግረው አታሚው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ሐሙስ ጠዋት ሚስ ማካስኪል መጣች። የቀሩትን አሥራ ሁለት ፖስታዎች አንድ በአንድ አገላበጠች፤ ከእነሱም መካከል ሁለቱ የራሷ ዘመዶች ናቸው።

«ሁሉንም እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» አለች።

«ጥሩ አስተምረዋቸዋል።»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። በትምህርት ቤት እንዲህ ስታየን እንሸና ነበር። «አስገቢው» አለች። «ሙሉውን። የሽፋኑ ፎቶግራፍ ግን አይነሳም።»

«ማንም ይነሳ አላለም።»

«እኔም ገጽ አለኝ። እስካሁን ፎቶግራፉ ይበቃል ብዬ ነበር።»

እሑድ በእጅ የተጻፈ አመጣችልኝ፤ የአስተማሪ ጽሕፈት፣ አንድ ስርዝ የለበትም። አብዛኛው ጥብቅና ነው፤ አባቷ ለማኅበሩ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ከነቀናቸው፣ ያልመጣው እንጨት፣ የታመመበት ጊዜ። መጨረሻው ግን እንዲህ ይላል፤ «እኛ ቤት ምድጃ ነበረን። ትንሿ ማኪነስ ስትታመም የወረቀቶቹ ቤት ውስጥ ትተኛ ብዬ አባቴን ለመንኩት። ውሎቹ ከወጡ ይረጥባሉ አለኝ። ሰዎቹን ሁሉ ያለ መሬት እንዳያስቀር ፈርቶ እንደነበር አምናለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ አልለመንኩትም።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሾናክ ሄድኩ። ማንም ሄደሽ አሳዪያት አላለኝም። የወተት ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበትና በጣቷ መስመሩን እየተከተለች አነበበች። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበችው። እኔ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ፤ ከዚያ ማየቴን ተውኩ።

«ይቅር አልለውም» አለች በመጨረሻ።

«ማንም ይቅር በዪው አላለዎትም። እሷም ይቅር በሉት ብላ አልጻፈችም።»

«አየሁ።» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝ። «ብትጽፈው ኖሮ ግጥም እጨምርባት ነበር። እንዲሁ እንዲታወቅ ነው ያልኩት።»

ባልዲውን አንስታ ወደ ላሞቹ ሄደች። እኔም ወደ ጽሕፈት መኪናዬ።